የሚሸለም ግንባር

ሰውየው ከኢንተርኔት ያወረደውን የሰርግ ዘፈን ያለ ሰው በራሱ ለሚጫወተው ፒያኖ ለማስማማት ዓይኑ እስኪቀላ ለፋ። ከበሮውን ከዘፈኑ አወጣ፤ የዘፋኙን ዜማ ለቁልፎቹ አከፋፈለ።

በሰርጉ ዕለት ፒያኖው አዳራሹን በእስክስታ አናወጠው። የሙሽራዋ አጎት ጋሽ አጥናፉ ሞቅ ብሏቸው፣ መቶ ብር ይዘው ሊሸልሙ ከሩቅ ተነሱ።

ሰውየው ከፒያኖው ፊት ያለውን ባዶ ወንበር አየ። የማን ግንባር ላይ ሊለጥፉት ነው? ያ ሁሉ ልፋትስ ያለ ሽልማት ሊቀር? ዘሎ ተቀመጠና፣ ዓይኑን ጨፍኖ በራሳቸው በሚወርዱት ቁልፎች ላይ ጣቶቹን ያሯሩጥ ጀመር።

"እሰይ የኔ አንበሳ! እጅህ ይባረክ!" ብለው ጋሽ አጥናፉ ብሩን ግንባሩ ላይ ለጠፉለት።

ብሩ በላቡ ተንሸራቶ ወደቀ። ሰውየው በሁለት እጁ ቀለበው።

ዘፈኑ ሞቅ እንዳለ ቀጠለ።

ጋሽ አጥናፉ ብሩን ከእጁ ቀስ ብለው ወሰዱና፣ በምራቃቸው አርሰው ፒያኖው ላይ ለጠፉት።