ሐዲዱ በማን ሳሎን ይለፍ

ኢብሮን ሥራ ፈት እያልኩ አምቼዋለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም። ባምቢስ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ትርፍ ጊዜውን ሁሉ በባቡር ጨዋታ ሲጨርስ ያላማው ዘመድም ጎረቤትም የለም።

ነገሩ ግን መጫወት ብቻ አልነበረም። ኢብሮ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሐዲድ ያነጥፋል። ከለገሃር ጣቢያ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነ ጠባብ ሐዲድ። እንዲህ ያለ መስመር በእውን ኖሮ አያውቅም። «ለምን ጠባብ?» ሲሉት «ጠባብ ሐዲድ እንደኛ ሰፈር ሰው ነው፤ በየትም ይሽሎከሎካል» ይላል።

ባቡሩ የሚያልፍበት ሰፈር አሁን የለም። መንገድ ሲሰፋ ፈርሶ ሰዉ ተበትኗል፤ ገሚሱ ገላን ገባ፣ ገሚሱ የት እንደገባ እንጃ። ያልፈረሰው እድሩ ነው። በወር አንዴ ቡልጋሪያ አካባቢ በተከራየው አዳራሽ ይሰበሰባል። ኢብሮ የድሮዎቹን ቤቶች በጨዋታው ውስጥ መልሶ ሊሠራቸው አሰበና በእድሩ ቴሌግራም ላይ «የቤታችሁን ፎቶ ላኩልኝ» ብሎ ጻፈ። የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

እድርተኛው ሃድጉ ከፎቶው ጋር አቤቱታ ጨምሮ ላከ፤ ጎረቤቱ የገፋው አጥር ወደ ቦታው እንዲመለስለት። አንዷ ኖሯት የማያውቅ በረንዳ ጠየቀች።

በስብሰባው ቀን ኢብሮ ላፕቶፑን ከአዳራሹ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ሰፈሩ ብቅ ሲል ሰዉ ወንበሩን እየሳበ ቀረበ። የዛገው ቆርቆሮ፣ የቦኖው ወረፋ፣ የተሰለፉት ጀሪካኖች ሳይቀሩ ቦታቸው ላይ ናቸው።

መጀመሪያ የተናገሩት የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ አጥናፉ ናቸው።

«ሐዲዱ ደጃፌ ላይ ነው። ሰው ቢሞትብኝ ድንኳኑን የት ልትተክሉት ነው?»

«ጋሼ፣ ማለቴ፣ ጨዋታ ውስጥ ሰው አይሞትም።»

«ካልሞትን ታዲያ ወርሃዊውን ለምን እንከፍላለን?» አለ ሃድጉ።

ኢብሮ ሐዲዱን ገፋ አድርጎ ለድንኳኑ ቦታ ተወ። ከዚያ ባቡሩን አስነሣው። ባቡሩ አንዴ ታጠፈ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ደግሞ ታጠፈ፤ ከዚያ በዘይነባ ሳሎን ገብቶ በጓዳዋ ወጣ።

ዘይነባ ያን ሳሎን ያቆመችው ሳምቡሳ እየሸጠች ነው። ዛሬም ከገላን እየተመላለሰች ደምበል አካባቢ ትሸጣለች፤ ግማሹ እድርተኛ ደንበኛዋ ነው። ቤቷ በፈረሰ ቀን ድምጿ አልተሰማም ነበር። አሁን ግን የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«ኢብሮ፣ ልጄ፣ አንዴ ፈርሶብኛል። እዚህ እንኳ ይቁምልኝ።»

ኢብሮ አንገቱን አከከ። «እትዬ ዘይነባ፣ በቀኝ በኩል ወንዝ ነው። በግራ የእትዬ ሸዋአየሁ ቤት። ወይ እርስዎ ወይ እሳቸው፤ በቃ፣ ሌላ መውጫ የለውም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሸዋአየሁ ዞረ። የእድሩ ጸሐፊ ሸዋአየሁ ከዚያ ሁሉ ሰው ቤቷ የቆመላት እሷ ብቻ ናት። እውነተኛው መንገድ አጥሯ ጋ ሲደርስ ወገቡን ሰበቅ አድርጎ ያልፋል። ገብርኤል ነው ያጠመዘዘው ይባላል። ሸዋአየሁም በየታኅሣሡ ለገብርኤል ጃንጥላ ታስገባለች።

«በእውን የቆመን ቤት በጨዋታ ማፍረስ ነውር ነው» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «መልአኩስ ምን ይለናል?»

ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ሸዋአየሁ ቃለ ጉባኤውን ትጽፍ ነበርና ቀና አላለችም።

በመሃሉ ወሬ ተነሣ። ፊቷን በሻርፕ የተከናነበች ሴት ምሳ ዕቃ ይዛ ኢብሮ ሱቅ ስትገባ ታይታለች። ምሳ ዕቃው ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸታል። እድርተኛው ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ባቡሩ የዘይነባ በር ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ታጠፈና ሸዋአየሁ መኝታ ቤት ገባ።

«አገር በሳምቡሳ ተሸጠ» አለ ሃድጉ። «እኔ ሞኙ በአቤቱታ እደክማለሁ። የምስሩ ነው ወይስ የሥጋው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ዘይነባ አልሳቀችም።

«ወላሂ፣ ሱቁን በእግሬም አልረገጥኩት።»

«ታዲያ ማን ሄደ? መልአኩ?» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ስሚ ዘይነባ፣ የእድርተኛን ቤት በጉቦ ያስፈረሰ እድርተኛ ሆኖ አይቀጥልም። በጨዋታም ቢሆን።»

ዘይነባ ፊቷ አመድ መሰለ። ገላን ላይ ገና ጎረቤት አላፈራችም፤ ከዚህ እድር ከወጣች የሚቀብራት የለም።

«ኢብሮ፣ ማን እንደለመነህ ንገራቸው» አለችው።

«ላልናገር ቃል ገብቻለሁ» አለ ኢብሮ። ይህ ደግሞ ባሰ።

ዘይነባ ተነሥታ ሸዋአየሁ ጋ ሄደች። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ ጨው ሲያልቅ እየተጠራሩ ነው የኖሩት።

«እህቴ፣ እኔ አላልኩትም። ካላመንሽኝ ግን ቤትሽን ይመልስልሽ፤ በኔው ሳሎን ይለፍ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ሸዋአየሁ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ሰዉ የተናደደች መስሎት ያባብላት ጀመር።

ከዘይነባ የገዛሁትን ሳምቡሳ ይዤ ኢብሮን «በኔ ቤት አሳልፈው» ብዬ የለመንኩት እኔ ሸዋአየሁ ነኝ፤ ያኔም የመንገዱ ቀያሾች ምሳ ሲወጡ ችካሉን ከደጄ ነቅዬ እሷ ደጅ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ።