ሰፊው መወጣጫ

ባለፈው እሁድ የአንድ ሰውዬ አባትና የሚስቱ አባት፣ በሰውየው ግቢ ውስጥ በቆመው የፕላስቲክ መዋኛ ገንዳ ሥር «እርስዎ ይቅደሙ!»፣ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ!» ሲባባሉ ዋሉና ሳይነከሩ ተኳርፈው ሄዱ። ጥፋቱ የመሰላሉ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

«ቆይ፣ መላ አለኝ!» አለ ሰውየው ለሚስቱ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያንኳኳ ሰነበተ። የውጭውን መሰላል ነቅሎ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሰፋ የጣውላ ደረጃ ሠራ። እንዳያንሸራትት አሮጌ ጎማ ቆርጦ ቸነከረበት። ማንም ማንንም እንዳይበልጥ በግራም በቀኝም እኩል መደገፊያ አቆመ።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ በቁምጣ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እኩል ወጡና እኩል ውሃው ውስጥ ዘው አሉ። ሚስቱ እልል አለች። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ጎረቤት ጠራ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከገንዳው ውስጥ ጥርስ ሲንገጫገጭ ተሰማ። የውስጡ መሰላል ያው የድሮው ነው።

«ይ... ይውጡ እንጂ!»

«ኧረ በሞቴ! እ... እርስዎ ይቅደሙ!»

ሰውየው በፍጥነት ደረጃውን ወጥቶ አንዳቸውን ሊጎትት እጁን ሰደደ። ዘወር ሲል ሚስቱ የማንን አባት እንደሚያስቀድም አፍጥጣ ታየዋለች።

ቀስ ብሎ ሸሚዙን አወለቀና እሱም ገባ።