«መስት ኖት» ያለው ቴሌግራም

«ተሳሳትሽ... በጣም ተሳሳትሽ!» አለ መምህሩ።

የክፍሉ ልጆች ሳቁ።

እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ተቀምጫለሁ። ዘበኛው የተማሪ ወላጅ መስዬው አስገብቶኛል።

መምህሩ ታናሽ ወንድሜ እሸቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አልተያየንም... ዓይኑ ደክሟል፤ አላወቀኝም።

ቦርሳዬ ውስጥ ያኔ ውጭ አገር ሳለሁ የላከልኝ አሮጌ የወረቀት ቴሌግራም አለ። «እንዳትመጪ» ይላል። እናታችን ታማ ተኝታ ሳለ!

«ለምን ከለከልከኝ?» ልለው፣ መልሱን ሰምቼ ልሄድ ነው የመጣሁት።

ከመስኮቱ ውጭ ፒያሳ በጉም ተውጣለች... ባቡሩ እንደ ጥላ ያልፋል። የጊዮርጊስ ደወል ከውሃ ስር የሚመጣ ይመስላል።

ሰሌዳው ላይ «መብራታቸው ጠፍቷል፤ ቤት የሉም ማለት ነው» ተብሎ ተጽፏል።

ከሪማ የምትባል ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ «ዘይ መስት ኖት ቢ ሆም» ብላ ተርጉማዋለች።

«አየሽ ከሪማ፣ 'ቤት መሆን አለባቸው' ብለሽ ስትገምቺ መስት ልክ ነው። ኖት ስትጨምሪበት ግን ክልከላ ይሆናል። 'ቤት እንዳይገኙ!' አልሽ እኮ። እዚህ ካንት ነው የሚባለው።»

«ውይ ጋሼ! ፈረንጁ እንደሆነ ይገባዋል፤ ምን ያካብዳሉ?»

እሸቴ አልሳቀም። ጠመኔውን አስቀመጠ...

«እኔን እህቴን አሳጥቶኛል።»

ወደ ልጆቹ ዞሮ ቀጠለ።

«እናታችን ስትታመም 'ነይ' ብዬ ላክሁባት። አሥር ቀን መልስ የለም። ቴሌግራም ያኔ በላቲን ፊደል ብቻ ስለነበር በእንግሊዝኛ ነው የምንልከው። 'ዝም አልሽ፤ አትመጪም ማለት ነው' ልላት ፈልጌ... 'ዩ መስት ኖት ከም' ብዬ ጻፍኩ። ስህተቴ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ! እስከዚያ አድራሻዋን ቀይራ ነበር...»

አሥር ቀን ዝም ያልኩት ትኬት ስፈልግ ነበር።

ቴሌግራሙ ሲደርሰኝ ሻንጣዬ በር ላይ ነበር። ፈታሁት።

እናቴን አልቀበርኩም...

«ጋሼ... እኚያ እናት እያለቀሱ ነው» አለች ከሪማ።

እሸቴ ወንበሮቹን እየዳበሰ መጣ። ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥኩ።

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ...

«እታለም?... ሊሆን አይችልም...»

«መሆን አለበት፣ እሸቴ» አልኩት።

በእንግሊዝኛ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ቴሌግራሙንም ያለ አንድ ስህተት አነበብኩት። ወንድሜን ግን አላነበብኩትም።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ከሚወዳችሁ ሰው ክፉ ቃል ሲደርሳችሁ፣ ከመደምደማችሁ በፊት «ምን ማለትህ ነው?» በሉት። እኔ ይህችን ለመጠየቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

እናንተስ... «አይወደኝም» ብላችሁ የዘጋችሁት፣ አንድም ቀን ግን ያልጠየቃችሁት ሰው ማን ነው?

ከታች ጻፉት... ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደውሉለት።