የገበያው ጀት

ይርጋለም ወፍ ከምትጠብቅበት ማማ ላይ ሆና ገበያው የሚባለውን ጎረቤቷን በጥላቻ አየችው። እሱም በራሱ ማሳ ማማ ላይ ተጎልቶ፣ ስልኩን ከወረታ ገዝቶ ካመጣው ስፒከር ጋር አገናኝቶ፣ የጦር አውሮፕላን ጌም ይጫወት ነበር። ትንሿ ጀት ቦምብ በጣለች ቁጥር የወፉ መንጋ ከእሱ ሩዝ እየተነሳ የእሷ ላይ ይሰፍራል።

«አንተ ሰው፣ ድምፁን ቀንስ! ሩዜን አስጨረስኸው እኮ!»

«አንቺም ጀት ግዢ» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ወንጭፏ ላይ ድንጋይ አድርጋ ግንባሩ ላይ አነጣጠረች። ያን ጊዜ የጀቷ ሞተር ድንገት ጸጥ አለ። ይርጋለም ዞር ብላ ድንጋዩን ወደ ራሷ ማሳ ወነጨፈችው። ወፉ ግር ብሎ ተነስቶ የገበያው ሩዝ ላይ ወረደ። እሱ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «በሰላም አሳረፍኳት!» ብሎ ጮኸ።

«እንኳን ደህና ገባህ» አለችው፣ ወንጭፏን እየጠቀለለች።