በልተናል ያሉት ተሳፋሪዎች

አዲሷ የበረራ አስተናጋጅ የምሳ ጋሪዋን እንደሞላ ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች። ለሠርግ ወደ ዱባይ ከሚሄዱት እናቶች አንዳቸውም ምግብ አልወሰዱም።

«ምን አሉሽ?» አለቻት አለቃዋ።

«በልተናል አሉኝ። ሥልጠና ላይ እንደተማርነው ፈገግ ብዬ አለፍኩ።»

«አንዴ ብቻ ጠይቀሽ?»

«ተሳፋሪ አይጨቀጨቅም ተብለን የለ?»

አለቃዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ሂጂና ቤትሽ እንደመጣ እንግዳ ለምኛቸው።»

ሄደች። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡትን እማማ የውብዳርን ጎንበስ ብላ «እማማ፣ በሞቴ ትንሽ ይቅመሱ» አለቻቸው።

«ኧረ በልቻለሁ ልጄ።»

«እኔ ልሙት!»

እማማ የውብዳር ይሄኔ ከፊታቸው ያለውን ጠረጴዛ ራሳቸው ዘረጉት። የቀሩትም ጥቂት ጥቂት እየተግደረደሩ ተቀበሉ። ጋሪው ባዶውን ቀረ።

«አሁን ገና የሚያስተናግድ ሰው አገኘን» አሉ እማማ የውብዳር፣ ዶሮውን በዳቦ እየጠቀለሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ለመሆኑ አንቺስ ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ፣ እማማ» አለች አስተናጋጇ።

ከቆመችበት ግን ንቅንቅ አላለችም።