የት ጠፋህ ነጥቤ

አባትየው ወደ ልጁ ክፍል የገባው ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ሊነቅል ነበር። ልጁ ከተቀበረ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሚስቱ «ማሽኑ ቀን ከሌት ያጉረመርማል፤ እባክህ አንድ በለው» አለችው። እሺ ብሎ ገባ።

ማውሱን ነካ ሲያደርገው ስክሪኑ በራ። ጨዋታ ነው፤ አራት ሰው ሆነው በኢንተርኔት እየተገናኙ አንድ ምሽግ የሚጠብቁበት። ከታች በኩል ተጫዋቾቹ የሚጻጻፉበት ጠባብ ሳጥን አለ። አንዱ ዙር ጨዋታ ሲያልቅ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል፤ አሁን ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው።

«የት ጠፋህ ነጥቤ»

ልጁን ነጥቤ ነበር የሚሉት ማለት ነው። ብዙ ነጥብ ቢያስቆጥርላቸው ነው፣ አለ አባት በልቡ።

አባት የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው የሰው ስሕተት ሲለቅም ነው። ልጁንም በዚሁ ሲያሰለቸው ኖሯል። አንድ ቀን ልጁ በስልክ «መጣው ጠብቀኝ» ብሎ ቢልክለት፣ «መጣሁ፤ ጠብቀኝ።» ብሎ አርሞ መለሰለት። ልጁ ቤት ሲገባ እየሳቀ ነበር።

«አባዬ፣ ነጥብ ኖረ አልኖረ፣ ገብቶሃል አይደል?»

ከዚያ በኋላ ለአባቱ ከ«እሺ» የዘለለ ጽፎለት አያውቅም።

አባት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ልጄ አርፏል ብሎ ሊጽፍ ነበር። ይህንኑ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በስልክ ሲናገር ሰንብቷል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁ አልተሰበረም፣ አላለቀሰም። አሁን ግን ጣቱ እምቢ አለው።

«አለው ትንሽ አሞኝ ነው» ብሎ ጻፈ።

«አለሁ» ማለት ሲገባው «አለው» ማለቱ የታመመ ጥርስ እንደ መነካካት ሆነበት። ግን ምን ያድርግ፤ ልጆች የሚጽፉት እንዲህ ነው።

ሳጥኑ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም አባት ሊነሣ ወንበሩን ገፋ አደረገ። ያን ጊዜ ጥንቸል የምትባለው ጻፈች።

«እንኳን ደህና መጣህ»

ቀበሮ የሚባለው ቀጠለ። «ዛሬ አንተ በር ጠብቅ እሱ ቀላል ነው»

በዚያው ለመደው። ከሥራ እንደተመለሰ ቦርሳውን አስቀምጦ ይገባል፤ ራት እስኪቀርብ ይጫወታል። ጨዋታ ከተባለ ነው እንግዲህ፤ በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳ ላይ ሲተኩስ ያመሻል። ልጆቹ እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ለጉድ ነው፤ ደደብ ምናምን መባባል ምንም አይመስላቸውም። እሱ ጥይት ሲያባክን ግን «አይዞህ ምንም አይደል» ይሉታል። ጥንቸል አንዳንዴ «ምሳ በላህ» ትለዋለች። አንድ ቀን ደግሞ «እናትህ እንዴት ናቸው» አለችው።

«ደህና ናት» ብሎ መለሰ። ሚስቱ በዚያ ሰዓት ማድ ቤት ውስጥ የተዘጋ ቧንቧ ደጋግማ ትዘጋ ነበር።

የሚያስፈራው ጣቱ ነው። ጣቱ ዓረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር አራት ነጥብ ካላሳረፈ አይመለስም። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ደግሞ ያነብባል፤ ነጠላ ሰረዙን ይነቅላል፣ አራት ነጥቡን ያጠፋል፣ ደህናውን ቃል ያበላሻል። ቀን ማተሚያ ቤት የለቀመውን ስሕተት አመሻሽ ላይ እዚህ ይዘራዋል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ።

«እያረምኩ።»

«ደግሞ ሥራ ቤት ድረስ ማምጣት ጀመርክ?»

«አዎ።»

የልጇን አልጋ አየች። አንሶላው አልተቀየረም። በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ምሽጉ ተከበበ። አባት ደነገጠ፤ በድንጋጤው የጻፈውን ሳያነብብ ላከው።

«ተጠንቀቁ! ከኋላ በኩል እየመጡ ነው፤ በሩን እኔ እይዛለሁ።»

ማንም አልመለሰለትም። ጠላት ገብቶ ጥይት ሲያርከፈክፍባቸው አንዳቸውም አልተኮሱም፣ አልሸሹም። ቀጥሎ ከጥንቸል ስም አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፋች።

«ምን ሆነች» አለ አባት፣ የጥያቄ ምልክቱን አጥፍቶ።

«ትመለሳለች» አለ ቀበሮ። «አይኗን አሟት ነው»

ተያዝኩ፣ አለ አባት። በአንድ መስመር ጉድ ሆንኩ። እሑድ ሳይከፍተው ዋለ። ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ ገለጠ፤ ገጹ ላይ ስንት ስሕተት እያለ አንዱንም አላየውም። ሽማግሌ ልጅ መስሎ ሲያጭበረብረን ከረመ ብለው ሳያዋርዱት፣ ልጁንም አብረው ሳይረግሙበት፣ ራሱ ተሰናብቶ ቢወጣ ይሻላል። እንዲህ ሲል ቆረጠ።

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ሁሉም አሉ፤ ጥንቸልም ተመልሳለች። ቀስ ብሎ ጻፈ።

«ስሙማ ስራ አገኘው ሩቅ ቦታ ነው ኔትወርክ የለም ከዛሬ በኋላ አልገባም ቻው»

ደግሞ አነበበው። አንዲት ሰረዝ አልቀረችም፤ «አገኘሁ»ም በደንብ ተበላሽታለች። የሚጠረጠር ነገር የለውም። ላከው።

ጥንቸል እየጻፈች መሆኗን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ ደግሞ ብቅ አለ። አባት ጣቱን የኮምፒዩተሩ ማጥፊያ ቁልፍ ላይ እንዳሳረፈ ጠበቀ።

«አባባ፣ ልጅዎ አንድም ቀን ያለ አራት ነጥብ ጽፎልን አያውቅም።»