እርጥቡ ግድግዳ

የአሮጊቷ ዓይነ ስውር ባል ኮሪደሩ መሃል ቆሞ ቀረ። በዚህ ቤት ውስጥ የሚሄደው የአሮጌውን ግድግዳ ጉርብጥብጥ በመዳፉ እየተከተለ ነበር። ግንበኛው ግን አዲሱን መታጠቢያ ቤት ከቤቱ ጋር ሲያገናኝ፣ «አሮጌውን እንዳትነካብኝ» ያለችውን አደራ ረስቶ፣ ደስ ይበላቸው ብሎ ኮሪደሩንም ለስኖ እንደ መስታወት አድርጎታል። የባሏ መዳፍ ልስኑን ነካ፣ ሸሸ፣ እንደገና ነካ።

«የማን ቤት ነው ያስገባችሁኝ?» አለ እየሳቀ። ሳቁ አንጀቷን በላው። ሰው እጁን ይዞ ሽንት ቤት ከሚወስደው ሞቱን ይመርጣል፤ አዲሱን መታጠቢያ ቤትም ያሠራችው ብቻውን እንዲገባበት ነበር።

«እማማ፣ አልደረቀም፤ አይንኩት ይበሏቸው» አለ ግንበኛው።

ሄዳ የባሏን ጣቶች ያዘችና እርጥቡ ልስን ውስጥ ቀበረቻቸው። «እየጫርክ ሂድ» አለችው።

«ኧረ አበላሸሁት፣ አንቺ ሴት።»

«አበላሸው።»

ጣቶቹ ግድግዳውን እያረሱ አዲሱ በር ድረስ ዘለቁ። ግንበኛው የልስን ማንኪያውን አንስቶ ትልሙን ሊደፍን ሲል እጇን ዘርግታ ከለከለችው።

«ተወው፣ ልጄ። እንዲሁ ይድረቅ።»

የአዲሱ በር መቀርቀሪያ ከውስጥ ሲዘጋ ተሰማ።